ዘይት ሁሉ ዘይት ነው

አባቴ ያችን አሮጌ የጀርመን መኪና የገዛት ለእናቴ ወገብ ብሎ ነው። ሞላ የላትም፤ በዘይት ግፊት የምትነሣ ሃይድሮሊክ ነች። ታላቅ ወንድሜ እየነዳ እናቴን ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት፣ የደብረ ማርቆስ ጉድጓድ ወገቧ ላይ አይሰማትም ነበር።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ የሙሽራ መኪና አደረጋት። ጥር በመጣ ቁጥር የዘመድ ሙሽራ ሁሉ በእሷ ካልሄደ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ለሙሽራ መኪና መከልከል ነውር ነዋ! የእናት ወገብ ግን ነውር የለውም።

አንድ ቀን አምበር ከተማ ሙሽራ አድርሶ ሲመለስ የኋላዋ መሬት ሊነካ ደርሷል። ዘይቷ ጎድሏል። የራሷን ዘይት ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣ መታገሥ አቅቶት የፍሬን ዘይት ገለበጠባት። “ኧረ ተው፣ ይኼ የእሷ አይደለም” ስለው፣ “ዘይት ሁሉ ዘይት ነው፤ ነገ ሙሽራ ይጠብቀኛል” አለኝ።

ሙሽራው ተዳረ። ብዙም ሳይቆይ ዘይቱን የሚያግዱት ላስቲኮች አብጠው ተበጣጠሱና መኪናዋ እንደተኛች ቀረች። መካኒኩ ሃይድሮሊኩን ነቅሎ የጭነት መኪና ሞላ ገጠመላት። ወንድሜ ዞር ዞር ብሎ አያትና “አሁን ገና የአገራችን መኪና ሆነች!” አለ።

ባለፈው ክረምት እናቴ የወገቧ ሕመም ሲጠናባት፣ እሱ አልመች ስላለው በዚያችው መኪና እኔ ወሰድኳት። በየጉድጓዱ ስንነጥር ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ደግፌ ሳወርዳት ቀና ብላ አየችኝ።

“ምነው ልጄ፣ አነዳድሽ ከፋ? ወንድምሽ ሲነዳ እኮ እንዲህ አያደርገኝም ነበር።”