የአቶ ፈንታው ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት አቶ ፈንታው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ይቅርታ ሊለምን ደጄ ላይ ቆመ።

ለማታውቁት፦ እዚህ ላሊበላ የሠራንበት ሆቴል ባለቤት ነው። አምና «ዕድሜያችሁ ገፍቷል» ብሎ አሮጌዎቹን ሠራተኞች ለዘለቄታው አሰናበተን። ሌላ ሥራ እስክናገኝ እደጉማችኋለሁ ብሎ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ድጎማውን አቋረጠ። ዘበኛውን ጋሼ ሞላን በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?

እኛም ተማክረን አደምን፤ ልጁን ሲድር ከየቤታችን አንድም ሰው ዳሱን አይረግጥም። ጎረቤቱም ዘመዱም አብሮን አደመ። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው።

አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች «እትዬ አሰገደች፣ ይበቃዋል፤ ጣለው ይበሉት» አሉኝ።

ድንጋዩን አየሁት። የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ታክላለች።

«አባቶቼ፣ በላሊበላ ድንጋይ ጠፍቶ ነው? ሌላ ይዞ ይምጣ» አልኩ።

«ኧረ እትዬ፣ ወገቤን ያመኛል» አለ።

«ምነው ልጄ፣ ዕድሜህ ገፋ እንዴ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ሄዶ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ተመለሰ። እኔም አልቸኮልኩም። ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ እያንዳንዳችን ሥራ እስክናገኝ ወይም ለጡረታ እስክንደርስ ድጎማውን ሊቀጥል በሽማግሌዎቹ ፊት ማለ።

ያን ጊዜ «ጣለው» አልኩት። «ይቅር ብዬሃለሁ» ግን አላልኩትም፤ ማንም ልብ አላለም።

እሑድ ዳሱ ውስጥ ከፊቱ እቀመጣለሁ። ወጡ ጨው ካነሰውም እናገራለሁ።

እናንተንስ በዕድሜያችሁ ሰበብ ያባረራችሁ ሰው ደጃችሁ መጥቶ ያውቃል? ስንት ሰዓት አቆማችሁት? ጻፉልኝ፤ ፊደል ግን አትግደፉ።