የአራስ ቤቱ ኬብል

ይህ የደረሰብኝ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጣን በዓመቱ፣ እስራኤል አገር፣ ረሖቦት ክፋር ማርሞሬክ ስንኖር ነው። ዛሬም እስፒከር ሲያጉረመርም ከሰማሁ ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን፣ ሴት ልጅ፣ ወልጄ ነበር። አማቴ የቤተ እስራኤል ወጋችን ይጠበቅ ስላሉ የኋላው ክፍል አራስ ቤት ሆነልኝ። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ ከሕፃኗ በቀር ማንንም አልነካም፤ ማንም አይነካኝም። ምግቤን ደፉ ላይ አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ።

ባለቤቴ ይርጋ ሙዚቃ ነፍሱ ነው። ከተዘጋ የሠርግ አዳራሽ የገዛውን አምፕሊፋየርና እስፒከር፣ ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ፣ ከሆስፒታል ሳልመለስ እኔ ክፍል አስገባ። ቴፑ ሳሎን ስለቀረ ረጅም ኬብል አስፈለገ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አሳየው። ባለሦስት እግሩ፣ ባላንስድ የሚሉት፣ በመንገድ የሚገባበትን ሁካታ ራሱ ያጠፋል። ተራው፣ አንባላንስዱ፣ ግን ሲረዝም እንደ አንቴና ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ይርጋ “ለቤት ምን ያደርጋል!” ብሎ ተራውን ይዞ መጣ።

በኬብሉ የተነሳ እስፒከሩ ያጉረመርማል። አንዳንዴ የታክሲ ነጂዎች የሬዲዮ ወሬ ይገባበታል፤ እኔም ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ አልቆ ሲያጉረመርም የአጎቴን ድምፅ ሰማሁ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ የምንለያየው በአጥር ነው። አዲስ የገዙትን ገመድ አልባ ስልክ ይዘው ግቢያቸው ውስጥ እየተንጎራደዱ ማውራት ይወዳሉ።

“ለትርንጎ አልነገርናትም። የእናቷን ሞት ብትሰማ ወተቷ አይነጥፍም? ሰማንያዋ ሲወጣ በወጉ እናረዳታለን። ባሏማ ያውቃል፤ ዘፈን እያሰማ ያዘናጋታል። እሺ፣ ቤሰደር፣ ቤሰደር።”

ትርንጎ እኔ ነኝ። እናቴ ጎንደር ቀርታ ነበር፤ መምጫዋን ቀን እየቆጠርኩ ነበር።

ጮህኩ። አማቴና ይርጋ ሮጠው መጡና ደፉ ላይ ቆሙ።

“እናቴ ሞታለች! ያዙኝ!” አልኳቸው።

አማቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ደፉን የተሻገረ አንድም ሰው የለም። ደረቴን ስደቃ እያዩ ከውጭ ሆነው አለቀሱ።

ይርጋን “ታውቅ ነበር?” አልኩት።

እስፒከሩን አየና ጭንቅላቱን ያዘ። “ምነው ባለሦስት እግሩን በገዛሁት! እሱ ቢሆን አይሰማሽም ነበር” አለኝ። 

ወተቴ ነጠፈ፤ ልጄ በጡጦ አደገች። ሰማንያው ሲሞላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ምንም እንዳልሰማሁ ሰው፣ ንጋት ላይ አረዱኝ። እንደገና ጮህኩላቸው። ያኔ ሁሉም አቀፉኝ።

ይርጋ ባላንስዱን የገዛው ግን መርዶውን በእስፒከሩ በሰማሁ በነጋታው ነበር። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ እስካሁንም ለእንግዳ ሁሉ ያሰማል። መርዶውን ስለደበቀኝ አልቀየምኩትም፤ ወጋችን ነው። ያን ቀን የተጸጸተው ግን ለኬብሉ ነው። ይህን ይቅር አላልኩትም፤ አልልም።