ሁለቱ ደምሰዎች

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሾፌር ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ስለ ኳስ ያወራል። አብሮት የሚያወራ የለም፤ እንግዳ አልጋበዘም፣ ስልክም አልተደወለለት፤ ብቻውን ነው። ሾፌሩ ትንሽ አዳመጠና በመስታወቱ እያየኝ፣ «ይሄ ልጅ ግን አይደክመውም እንዴ፣ እናቴ?» አለኝ። «ሰው ብቻውን ይሄን ሁሉ ሰዓት እንዴት ያወራል? እኔ ብሆን አብዳለሁ።»

እንዲያው ለጨዋታ ያህል የተናገረው ነው። ሌላ ተሳፋሪ ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ ሻርፔን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። እዚህ ዕድሜ ላይ ደርሼ፣ ልጆች አሳድጌ፣ በጤና ጣቢያ ስንቱን እናት አዋልጄ፣ አንድ ባጃጅ ሾፌር ስለማላውቀው ልጅ በተናገረው ማፈሬ ለራሴም ገረመኝ። ዕፍረት እንደ ቁርጥማት ነው መሰለኝ። ለዓመታት ተኝቶ ይከርምና ትንሽ ብርድ ሲያገኘው ይነሳል።

አባቴ ደምሰው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የደብረ ብርሃን ሰው በሌላ ነገር ነበር የሚያውቀው። በከተማችን ኤፍ ኤም ላይ የስፖርት ፕሮግራም ያዘጋጃል። ፕሮግራሙን የጀመረው ከጓደኛው ከጋሽ ይርጋ ጋር ነው። ጋሽ ይርጋ የስፖርት አስተማሪ፣ ሳቂታ፣ ነገር የሚያጣፍጥ ሰው ነበር። እሱ የቀበሌያችንን ቡድን ሲያሞግስ አባቴ ይነቅፋል፤ አባቴ ሲያደንቅ ጋሽ ይርጋ ይተርበዋል። ሁለቱ ሲከራከሩ ስለ ኳስ ምንም የማታውቀው እናቴ ሳትቀር ሽንኩርቷን እየላጠች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ይርጋ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። አባቴ ብቻውን ቀረ።

እውነቱን ለመናገር አባቴ ብቻውን ሆኖ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥም ቢሆን የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። ማይክሮፎን ፊት ብቻውን ሲቀመጥ የሚጠይቀው ስላጣ፣ ራሱን መጠየቅ ጀመረ። «እንግዲህ ደምሰው፣ የትናንቱን ጨዋታ እንዴት አየኸው?» ይላል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እንኳ ተከላካዮቹ ላይ ቅሬታ አለኝ» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዴም ራሱን ይቃወማል፤ «እዚህ ላይ አልስማማም» ይላል፣ ላለመስማማት ሌላ ሰው ያለ ይመስል።

ከተማው ወዲያው ስም አወጣለት። «ሁለቱ ደምሰዎች» አሉት።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ላለች ልጅ ከዚህ የከፋ ምን ይመጣባታል? ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ወንዶቹ ይጠብቁኛል። አንዱ፣ «እንግዲህ ስንዱ፣ የሂሳቡን ፈተና እንዴት አየሽው?» ይላል። ሌላው የአባቴን ዝምታ ሳይቀር አስመስሎ፣ ቆይቶ ቆይቶ፣ «እኔ እንኳ ስንዱ፣ ከብዶኛል» ብሎ ይመልስልኛል። እስቅ ነበር። ሳቄ የውሸት መሆኑን የምታውቀው አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ሮማን ብቻ ናት።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ አባቴ የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ላይ የቀበሌ ቡድኖች ሲጫወቱ ሊያይ ሲነሳ እኔንም ይዞኝ ሄደ። የተወለደው እዚያው አንኮበር ነው፤ ሰበብ ባገኘ ቁጥር ይሄዳል። በማለዳ ስንወጣ መሬቱ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም፤ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከየቤቱ የኩበት ጭስ ይወጣል። እናቴ የቋጠረችልን ትኩስ የገብስ ቆሎ ኪሴ ውስጥ እጄን ያሞቀኛል። የተሳፈርነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ሰዉ በጋቢ ተጀቡኖ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል።

የቅዳሜው ፕሮግራም እሑድ ጠዋት እንደሚደገም አባቴም እኔም ዘንግተነው ነበር። ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ፤ የአባቴ ድምፅ አውቶቡሱን ሞላው።

«እንግዲህ ደምሰው፣ ዳኛው ያንን ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ነበረበት ትላለህ?»

አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው አነሳው።

«ጉድ ነው እናንተ» አሉ ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ። «ሰውየው ከራሱ ጋር ነው እንዴ የሚሟገት?»

«የበፊት ጓደኛው ጥሎት ሄዶ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ታዲያ ማን ይረታዋል? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» አሉ ሽማግሌው። አውቶቡሱ ሳቀ።

«አትሳቁ እንጂ፣ ያሳዝናል» አለች ጭኗ ላይ የቅቤ ቅል የያዘች ሴትዮ። «አጠገቡ አንድ ሰው ቢያስቀምጡለት ምን አለበት? የሰው ያለህ የሚል ነው የሚመስለው።»

ከሳቁ ይልቅ ይህ የሴትዮዋ ርኅራኄ አጥንቴ ድረስ ገባ። ከኋላ አንድ ወጣት፣ «ዝጋውና ዘፈን ክፈትልን» አለ። ሾፌሩ ዘጋው። አባቴ በመስኮቱ ውጭ የተቆለለውን የገብስ ክምር ያያል። ረዳቱ መውረጃችንን ሲጠይቀው በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ጎረቤላ ስንደርስም በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ገባኝ። አፉን ከከፈተ በድምፁ ሊያውቁት ነው። «ወራጅ አለ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከወረድን በኋላ ጭጋጉ ውስጥ ጥቂት ሄድንና ቆመ። «ስንዱ፣» አለኝ፣ «ሬዲዮ ላይ እጮኻለሁ እንዴ?»

«አትጮህም አባዬ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ሊነግረው የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። «እንጃ» አልኩት።

በሳምንቱ ከጣቢያው ኃላፊ የመጣው ነገር ደግሞ የባሰ ሆነ። ቅሬታ በዝቷል፤ ስለዚህ የሚመጣው ቅዳሜ ሙሉው ሰዓት የአድማጭ አስተያየት ይሁን፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ይቀጥል አይቀጥል እንወስናለን አለችው። አስተያየቱን ማን ይቀበል? ሌላ ሰው የለም። አባቴ ስለ ራሱ የሚባለውን ራሱ፣ ብቻውን፣ በቀጥታ ሥርጭት ሊቀበል ነው። ያን ቅዳሜ እናቴ የሠራችለትን ሽሮ ሳይነካው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። በሬዲዮ የማይታይ ሰው ሸሚዙን ለምን እንደዚያ እንደሚቆልፍ አላውቅም።

እኔ ሮማን ቤት ሄድኩ። የእነሱ ቤት ስልክ አለ። በእርግጥ ስሄድ የመደወል ሐሳብ አልነበረኝም፤ ከቤታችን፣ ከእናቴ ፊት መራቅ ፈልጌ ነው።

መጀመሪያ የደወለው ጥላሁን የሚባል የቆርቆሮ ነጋዴ ነበር። «ጋሽ ደምሰው፣ በሰውነትህ አከብርሃለሁ» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። «ግን ራስህን ስትጠይቅ እኛን እኮ ረሳኸን። በር ዘግቶ እንደሚያወራ ሰው ነው የሆንከው።» አባቴ፣ «አመሰግናለሁ፣ ተቀብያለሁ» አለ። ቀጥሎ አንድ ልጅ ደውሎ የቀበሌ ኳስ ለማን ይጠቅማል፣ የእንግሊዙን አውራልን አለው። «አመሰግናለሁ፣ ተቀብያለሁ።» አንዲት ሴት ደግሞ ባለቤቷ ፕሮግራሙ ሲጀምር እንቅልፍ እንደሚወስደው ተናገረች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ደህና እንቅልፍ ነው ለማለት ነው። «አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

አባቴ ቁጥሩን ደግሞ ተናገረ። ጠበቀ። የወረቀት ድምፅ ተሰማ። «እንግዲህ ደምሰው…» ብሎ ጀመረና በራሱ ላይ ነቅቶ አቋረጠው። ያቺን ማቋረጡን መስማት አልቻልኩም። ሮማን እጄን ስትይዘኝ ስልኩን አንስቼ ነበር።

«ሄሎ፣ ማን ልበል? ከየት ነው የሚደውሉልን?»

ድምፄን አወፈርኩ። «ወይንሸት እባላለሁ፤ ከአረርቲ ነው።»

«ከአረርቲ!» አለ አባቴ። ድምፁ ከተቀመጠበት ሲነሳ ተሰማኝ። «ከሚንጃር ድረስ። እንኳን ደህና መጡ እህቴ። እንዴት ነው፣ እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል?»

«ጥርት ብሎ ይሰማል። እኛ ሠፈር ሁሉም ሰው ነው የሚያዳምጥዎት።» ውሸቱ ቀለለኝ፤ ሲቀልለኝ ጊዜ ገፋሁበት። «ቅድም የደወሉት ዝም ብለው ነው የሚናገሩት። ስንት እንደሚደክሙ አያውቁም። ዛሬ እንኳ ምሳው ቀርቦልዎት ሳይነኩት ነው የወጡት…»

አባቴ ወረቀት ማገላበጡን አቆመ።

«ስንዱ?» አለ አባቴ።

«አቤት አባዬ» አልኩት።

ቃሉ ከገዛ አፌ ወጥቶ በሮማን እናት ሬዲዮ ተመልሶ ጆሮዬ ገባ። ስልኩን ዘጋሁት። ሮማን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው ያዩኛል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አድማጮቼ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «አሁን የደወለችው ልጄ ናት። አስተያየቷ አይያዝም።»

ወዲያው ስልክ ጠራ። ያው ጥላሁን ነበር። «ያልኩትን አላነሳም» አለ። «ፕሮግራሙ ሰው ያስፈልገዋል። ልጅቷን ግን እንዳትቆጣት ብዬ ነው የደወልኩት።»

«አልቆጣትም» አለ አባቴ። ሌላ ሰው አልደወለም።

ጣቢያው በር ላይ ሄጄ ጠበቅኩት፤ ቤት ሄጄ መጠበቁ የባሰ መስሎኝ ነው። የከሰዓቱ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊት ይገርፋል። ወጣ፤ አየኝ፤ ጎን ለጎን መሄድ ጀመርን። በየሱቁ በር የቆመው ሰው ያየናል። ዳቦ ቤቱ ጋ አንድ ልጅ «አቤት አባዬ!» ብሎ ጮኸና ሮጠ። ያ ጥሪ ትምህርቴን እስክጨርስ ተከትሎኛል።

ወደ ሠፈራችን መታጠፊያው ስንደርስ አባቴ አንዴ ብቻ ተናገረ። «ከአረርቲ ነው ስትይ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «ሞገዱ ሚንጃር ይደርሳል ሲሉኝ አላምንም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲነቅፈኝ፣ እዚያ ማዶ አንዲት የማላውቃት ሴት ቁጭ ብላ ትሰማኛለች ብዬ…» አልጨረሰውም።

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አድማጭ ልሰጠው ብዬ ደውዬ፣ ሰጥቼው፣ በዚያው ቅጽበት ነጠቅኩት።

ፕሮግራሙ አልታጠፈም። ጣቢያው ከዩኒቨርሲቲ አንድ ለፍላፊ ወጣት አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለት፤ አባቴም የሚጠይቀው ሲያገኝ እንደ ጥንቱ ሆነ፣ ሰዉም ወደደው። አድማጮቹ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ጥላሁንም፣ የቅቤ ቅል የያዘችው ሴትዮም የተናገሩት እውነት ነበር፤ ውሸት የተናገርኩት የምወደው እኔ ብቻ ነኝ። ያንን ቅዳሜ ግን ቤታችን ውስጥ ማንም አላነሳውም፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ማየት ይሸሽ ነበር። እናቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

አባቴ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ጎረቤላ፣ ወላጆቹ ቦታ ላይ ይኖራል። በቀደም ልጠይቀው ሄጄ የባጃጁን ሾፌር ነገር አወራሁለት። ለምን እንዳወራሁት አላውቅም፤ ምናልባት እንዲስቅልኝ ነው። ሳቀም። ከዚያ ሁለት እጁን ምርኩዙ ላይ ደረበ።

«ያን ቀን ስምሽን መጥራት አልነበረብኝም» አለ።

የቱን ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

«‹እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ወይንሸት› ብዬ ብዘጋው ምን ነበረበት? ከአፌ አመለጠኝ። ልጅ ነበርሽ። ከተማውን ሁሉ አሳቅኩብሽ። መንገድ ላይ ያ ልጅ ሲጮህብሽ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ ያሳፈርኩህ፣ አባዬ።»

«አንቺማ ምን አደረግሽ» አለ፤ እንደማያስፈልግ ነገር በእጁ ገፋው።

በዚያ ሁሉ ዓመት አባቴ ከዓይኔ የሚሸሸው ተቀይሞኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕፍረት የእኔ ብቻ አድርጌ ስይዘው፣ እሱ ደግሞ የራሱ ብቻ አድርጎ ይዞት ኖሯል። ስለነገረኝ አልቀለለኝም፤ ይህን ስጽፍም ፊቴ ይግላል። ግን እንግዲህ ሲግል፣ አንኮበር ላይ አንድ ሽማግሌ አባት በዚያው ነገር ፊቱ እንደሚግል አውቃለሁ።