አራት ጣት ዝቅ አድርጌ ያነሳሁት ኢሲጂ

ይህ የደረሰብኝ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ሳለሁ፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ያን ቀን ለሲስተሯ ከመናገሬ በቀር ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ለአንዲት ሴት መንገር ግድ ሆነብኝ፤ ከነገርኳት ወዲህ ደግሞ ይኸው ሰላም የለኝም።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ልደታ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ወደ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የአብነት ሰፈር ልብስ ሰፊን ልጃቸው ሰናይት ደግፋ አመጣቻቸው። ደረታቸውን ይዘዋል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ዶክተሩ ገና እንዳያቸው "ኢሲጂ ይነሳላቸው" አለ። የምታለማምደኝ ሲስተር ሌላ በሽተኛ ይዛ ስለነበር "አንቺ ሂጂ፤ ትችያለሽ" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ከጎኗ ቆሜ አይቻለሁ እንጂ ብቻዬን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። ኩራት ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ "እሺ" አልኩ።

ኢሲጂ የልብን አመታት ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ለእጅና ለእግር መቆንጠጫ አለው፤ ለደረት ደግሞ እንደ ዋግምት እየመጠጡ የሚጣበቁ ስድስት ጎማዎች። ስድስቱ ቦታ ቦታቸውን ካልያዙ የሚጽፈው ሌላ ነው። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ።

የጋሽ ታደሰን ሸሚዝ ስከፍት ግራ ደረታቸው በሙሉ እምነት ተቀብቷል። ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን አመድ በጸበል ለውሰው ሕመሙ ያለበት ላይ ለጥፈውታል፤ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ጎማውን ሳስጠጋው ይወድቃል። ደግሜ ሳስጠጋው ይወድቃል። እርጥብ ጥጥ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"አይሆንም ልጄ! እሱን አትንኪብኝ። እስካሁን ያቆየኝ እሱ ነው።"

"አባባ፣ ካልጠረግኩት እኮ አይነሳም።"

"አንቺስ የማርያም ልጅ አይደለሽም እንዴ? ማተብሽን አይቼዋለሁ!"

በቃ፣ እዚህ ላይ አለቀልኝ። እናቴ እምነት መሬት ላይ ሲንጠባጠብ በጣቷ ለቅማ ግንባሯን የምትቀባ ሴት ናት። እኔ ሰውየው እየለመኑኝ ጠርጌ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ልጣለው? እጄ እምቢ አለኝ። ሲስተርን መጥራት ነበረብኝ። "ይህችም አቃተሽ?" እንዳትለኝ ፈርቼ አልጠራኋትም። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ጎማዎቹን እምነቱ ከሚያልቅበት በታች፣ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ደረደርኳቸው። ተጣበቁ። መሣሪያው ጻፈ። ወረቀቱ ሲታይ ያምር ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አየና "ልባቸው ደህና ነው። ጾሙ ነው፣ ጨጓራ ነው" ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ጻፈላቸው። እኔም ጎማዎቹን የት እንዳጣበቅኩ ሳልነግረው ሸሚዛቸውን ቆለፍኩላቸው። ጋሽ ታደሰ ሲወጡ "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

አሥር ደቂቃ ያህል መሣሪያውን የምጠርግ መስዬ ቆምኩ። ላባቸው ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ጨጓራ እንዲህ ላብ በላብ ያደርጋል? በመጨረሻ ሄጄ ለሲስተር ሁሉንም ዘረገፍኩላት። "ምን አልሽ? አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን ገደልሻቸው እኮ! ሩጪ! ፈልጊያቸው!" አለችኝ።

ጋውኔን እንደለበስኩ ወጣሁ። መድኃኒት ቤት የሉም። ታክሲ መያዣው ጋ የሉም። ወደ አብነት እየሮጥኩ ያገኘሁትን ሁሉ "ልብስ ሰፊውን ጋሽ ታደሰን ታውቋቸዋላችሁ?" እላለሁ። አንዱ "የትኛው ታደሰ?" ይላል፤ ሌላው "ምን አጠፉ?" ይላል። "እመቤቴ፣ እኔን ቅጪኝ፣ እሳቸውን ተዪልኝ" እያልኩ፣ እያለቀስኩ፣ አንዱን ቅያስ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። በመጨረሻ አንድ ብረት በያጅ ሥራውን ጥሎ ደጃቸው ድረስ ወሰደኝ።

አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሰናይት መድኃኒቱን በውሃ ልታስውጣቸው ትታገላለች። "እንደገና መታየት አለባቸው፣ አሁኑኑ!" አልኳት። ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብረት በያጁና ጎረቤቶቹ በብርድ ልብስ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቧቸው።

ክሊኒክ ስንደርስ እምነቱን ራሴ ጠረግኩት። ጋሽ ታደሰ መከልከያ አቅም አልነበራቸውም። አዲሱ ወረቀት ሲወጣ ዶክተሩ "ልባቸው ነው!" ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው! ሰናይት ከድንኳኑ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አባቴን ቤት ድረስ ሮጣ የፈለገችው ይህች ናት!" ብላ ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገረች። ሴቶቹ መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተመረቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰናይት እህቴ ሆነች። በዓል ሲሆን ሳልሄድ ብቀር ትቆጣለች፤ እናቴ ስትታመም ያስታመመችልኝ እሷ ናት። ዘንድሮ ሴት ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ስሄድ "ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው በሐሳቤም አልመጣ" አለችኝ። የዚያን ዕለት እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። ግን በምን አፌ አበልጅ እሆናለሁ? በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና፣ ሕፃኗን እንደታቀፍኩ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። "እኛ ከወጣን በኋላ ስንት ደቂቃ ዝም አልሽ?" አለችኝ።

"አሥር ደቂቃ" አልኩ።

ሕፃኗን ከእቅፌ ወሰደችና "በይ ሂጂ" አለችኝ።

ተናግሮ መገላገል የሚሉት ውሸት ነው፤ እኔ አልተገላገልኩም። መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። አልቀየማትም፣ አባቷ ናቸው። እየዋሸኋት ከምታቅፈኝ ይህ ይሻላል እላለሁ፤ እላለሁ እንጂ ሆዴ አይሰማኝም። የልጅቷ ሰማንያ ቀን ባለፈው ሳምንት ነበር። ማን ክርስትና እንዳነሳት አልሰማሁም፤ መጠየቅም ፈርቻለሁ።