ዓይን ጨፍኖ ማሽላ መጠበቅ

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ማሽላችንን ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ወንድሜ ከማሳ ጎረቤታችን ጋር የጎርፉን ውሃ ወደ ማሳው ማን ይጥለፍ በሚል ተጣልቶ፣ ሳይታረቁ ነው የሞተው። ጎረቤታችን ቀብሩ ላይ ቢመጡም ላያቸው አልፈለግሁም። ጥላቻው እንቅልፍ ነሳኝ።

ይህን ብነግረው፣ ቆቦ ከተማ ያስተማረኝ የባዮሎጂ መምህር፣ "ዓይንህን ጨፍን። ቀስ ብለህ እየተነፈስክ መጀመሪያ ለምትወደው፣ ከዚያ ለምትጠላው ሰው መልካም ተመኝ። ሲደጋገም አእምሮ ራሱ ወደ ርኅራኄ ይለወጣል" አለኝ።

ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ለወንድሜ ስመኝ አለቀስኩ። ለጎረቤታችን "ደህና ይሁኑ" አልኩና፣ ትንሽ ቆይቼ "ግን ብዙም አይሁን" ብዬ ጨመርኩበት።

አንድ ጠዋት እንዲሁ ጨፍኜ ሳለ ወንጭፍ ሲጮህ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ጎረቤታችን እኛ ማሳ ውስጥ ቆመው ወፍ ያባርራሉ።

"አንተ፣ ተኝተህ ነው እንዴ የምትጠብቀው?"

"ለእርስዎ መልካም እየተመኘሁ ነበር፣ ጋሼ።"

ወንጭፋቸውን አወረዱ።

"እንግዲያው ዓይንህን ገልጠህ ተመኝልኝ፤ ማሽላው አለቀ።"

ከለቅሶው ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። አእምሮዬ ተለውጦ ይሁን፣ ወይም ስለሳቅሁ ብቻ፣ አላውቅም። ጠጋ ብዬ ማማው ላይ እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቅሁላቸው።