ያዘው የሚባለው ውሻችን

ዛሬ ጠዋት ወልድያ፣ የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ፣ ጎረቤቴ ለቡችላው ፍርፋሪ በሚጥሚጣ ሲለውስ ሽታው አፍንጫዬን ቆንጥጦ አስነጠሰኝ፤ «ኃይለኛ እንዲሆን ነው» አለኝ በኩራት፤ እኔ ደግሞ ሳቄን አፍኜ ቆሜ ሳለሁ ልቤ ያደግኩባት መርሳ ከተማ ገብቶ ነበር፣ አባየ ጋራዥ።

አባየ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡን እንዲጠብቅለት አንድ ቡናማ ቡችላ አመጣ። ስለ ውሻ የማያውቀው ነገር አልነበረም፣ ችግሩ ያወቀው ሁሉ ስህተት መሆኑ ነው እንጂ፤ ሚጥሚጣ የበላ ይናከሳል፣ ጨለማ ውስጥ የዋለ ሌሊቱን አይተኛም፣ የተደባበሰ ደግሞ ይበላሻል ይል ነበር፤ ምስኪኑ ቡችላ ግን በልቶ ውሃ ውሃ ከማለት በቀር ያተረፈው የለም። ስም ላይ ሲደርስ አባየ ራሱን በለጠ፤ ሌባ ሲሮጥ የሚጮኸውን ቃል ስም አድርጎ ሰጠውና «ያዘው» አለው፣ ገና ሲጠራ እንዲቆጣ ብሎ። እኛም ጠዋት ማታ ምግቡን ይዘን «ያዘው፣ ያዘው» ስንለው ጭራውን እየቆላ እየበረረ ይመጣል፤ ለእሱ ከዚያ ቃል የሚጣፍጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ አንድ ሰው ከጋራዡ ጎማ እያንከባለለ ቁልቁል ሲሮጥ ያዘው ተከተለው፤ ሱሪውን ሊነክስ ትንሽ ሲቀረው ሰፈሩ በሙሉ «ያዘው! ያዘው!» ብሎ አቀለጠው። ውሻችን ቀጥ አለ፣ ዞረ፣ በደስታ እየዘለለ ወደ እኛ መጣ። ሌባውም ጎማውም በዚያው ቀሩ።

አባየ በንዴት ጦፈና ግራና ከተማ ላለ ዘመዱ ሊሰጠው ወሰነ። እማየ «ጠራኸው፣ መጣልህ፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግህ?» ብትለው አልሰማትም፤ በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ጭነት መኪና ላይ ጫነውና ራሱ ጋቢና ገባ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ውሻዬን ዳግመኛ የማላየው መሰለኝና ባለ በሌለ ድምፄ ስሙን ጠራሁ።

መናኸሪያው ተገለበጠ። ተሸካሚው፣ ወያላው፣ ሊስትሮው መኪናውን ከበቡት፤ አባየን በኮሌታው ጎትተው አወረዱት።

«ምንሽን ወሰደብሽ፣ እህት ዓለም?» አለኝ አንዱ ተሸካሚ።

«ውሻዬን» አልኩ እያለቀስኩ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ጣቴን ወደ አባየ ቀሰርኩ። ያን ጊዜ ያዘው ከጭነቱ ላይ ዘሎ ደረቴ ላይ ደርሶ፣ ፊቴን እየላሰ ነበር። ሰዉ ነገሩ ሲገባው ሳቁ ሰማይ ደረሰ፤ አባየም ኮሌታውን እያስተካከለ ሊቆጣ ሞከረ፣ አልቻለም፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሦስታችንም በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አባየ ራሱ ይደባብሰው ጀመር።

ያዘው አርጅቶ ሞተ፣ ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ቀበርነው፤ አባየም ሄደ፤ ጋራዡ ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው። ሁለቱም ይናፍቁኛል። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ያ ሩጫ ነው፣ የያዘውን ሁሉ ጥሎ በአንዲት ጥሪ የሚመጣልኝ። አሁን የምጠራቸው ሰዎች በሙሉ «መንገድ ላይ ነኝ» ነው የሚሉኝ።