በአውቶቡስ የሚመጣው የእናቴ ሽንት

ሐኪም የሆነችው የእህቴ ልጅ በቀደም ዕለት ስለ አንድ አዲስ ነገር ስታወራኝ ነበር። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ዕቃ ነው አለች፤ ቆዳ ሥር ይቀበራል፣ ባትሪ የለውም፣ ከውጭ መሣሪያ ሲያስጠጉለት የሰውነትን ስኳር ልክ ይናገራል። ገና እየተሞከረ ነው አለች። "ጎሽ!" አልኩ። እናቴን እንዲህ ያለ ነገር ቢቀብሩባት ኖሮ እኔን ማታለል አትችልም ነበር።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ እሠራ ነበር። እናቴ ከእህቴ ጋር ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ ስኳር አለባት። ያኔ እኛ ስኳር የምንለካው በሽንት ነበር። ሰማያዊ ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ እናደርግና ሽንት ጠብ ጠብ አድርገንበት እናፈላዋለን። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን እያለ ይሄዳል፤ ሲብስ የሸክላ ቀለም ይሆናል። ኮምቦልቻ ፈሳሹ ስላልተገኘላት እናቴ በየሳምንቱ ሽንቷን በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ትልክልኛለች። "መድኃኒት ነው" ትለዋለች። አንድ ቀን ሳይቀምሰው አልቀረም ብዬ እስከዛሬ እጠረጥራለሁ፤ ኋላ ኋላ ዕቃውን የሚያቀብለኝ በሁለት ጣቱ ነበር።

መልሱን የምልከው በክር ነው። ባዶው ጠርሙስ አንገት ላይ ሰማያዊ ክር ካሰርኩ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ ቀይ ከሆነ ተጠንቀቂ። "ለምን አልጽፍልሽም?" ብላት፣ "ማንበቡንማ መሠረተ ትምህርት አስተምረውኛል፤ ረዳቱንም አስተምረውታል እኮ!" አለችኝ። የምትወጋውን ኢንሱሊን ደግሞ በወር አንድ ብልቃጥ ተሰልፌ የማወጣላት እኔው ነበርኩ።

አንድ ሰሞን ሽንቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰማያዊ ወጣ። አረንጓዴ እንኳን አልነካውም። ባልደረቦቼን እየጠራሁ "እናቴን እዩልኝማ!" አልኩ። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልላት፣ በዚያውም ትንሽ ፈሳሽ ይዤ ሰማያዊውን በዓይኗ ላሳያት ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ተመላለሰች፤ ከዚያ አንድ ጣሳ ውኃ ሳትተነፍስ ጨለጠች። ክው አልኩ። ስኳሩ ወርዶለት እንዲህ የሚጠማው ሰው አላየሁም።

"ሽንት ስጪኝ" አልኳት።

"አሁንማ አልቋል።"

"እማዬ!" ጮህኩባት።

ሰጠችኝ። ከሰል ላይ አፈላሁት። ሸክላ ሆነ።

"የማንን ነበር ስትልኪልኝ የከረምሽው?" ስል እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። የእሷ ነበር።

"አፉ በይኝ" አለች እናቴ። ለካስ መድኃኒቷን ለሁለት እየከፈለች ኖሯል። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤታችንም ስኳር አለባት። ያላትን አንድ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባታል፤ ደሴ ድረስ ወጥቶ የሚሰለፍላት ሰው የለም። እናቴ በየማለዳው እየጠራች ከራሷ ብልቃጥ ትወጋታለች። እኔ እንዳልደርስበት ደግሞ የእህቴን ሽንት ትልክልኛለች።

"አንቺ ስትሞቺስ? ያኔ ማን ሊወጋት ነው?"

"የኔን ልጅ አልወሰዷትም፤ ሆስፒታል ቁጭ ብላለች። ወላሂ፣ እሷ ከአጥር ወዲያ እያቃሰተች እኔ ብቻዬን ልወጋ?"

እውነቱን ልናገር፣ ያቺን ሴትዮ ጠላኋት። ደሜ ፈላ። "የሚወጉት የእናቴን ዕድሜ ነው፤ ይበቃዎታል" ልላት አስቤ ብድግ አልኩ። እናቴ "ተይ፣ ተይ በአላህ" እያለች ተከተለችኝ፤ ግን አቅም አልነበራትም፣ አጥሩ ጋ ቀረች።

ሴትዮዋ ስታየኝ ከመደቡ ተነስታ ሁለት እጄን ያዘች።

"አንቺ ነሽ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው! መድኃኒቱን ለኔም ለይተሽ እንደምትልኪልኝ እናትሽ ነግራኛለች። ቆሜ የምሄደው ባንቺ ነው።"



"አብሽሩ፣ እትዬ" አልኩ። "እልካለሁ።"

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ብልቃጥ ያልለመንኩት ሰው የለም። አንዳንድ ወር አገኘሁ። ባላገኘሁበት ወር እናቴ አካፈለች፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሽንቷን ግን ከዚያ ወዲህ የራሷን ነበር የምትልከው።

ሁለት ዓመት ያህል ቆየች። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ እጄን ሳትለቅ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ "እኔን እስከዛሬ ያቆየችኝ ይቺ ልጅ ናት" አለች። ቤት ሙሉ ሰው መረቀኝ። እኔም አሚን አልኩ።